የበዓሉ ዕለት የገባው ጭነት

መንገዱን ያቀድኩት በእግሬ ሄጄ አይደለም። ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ነው። መብራት ሲመጣ እየሮጥኩ፣ ሲጠፋ እየተራገምኩ፣ ከአንዲት የስድሳ ስድስት ዓመት ፈረንጅ ጋር አንድ ወር ሙሉ ተጻጻፍን። የምትፈልገውን በግልጽ ነበር የጻፈችው። አጭር ጉዞ፣ ቢበዛ ሦስት ቀን። መካከለኛ፣ ጉልበቷን የማይገድላት። ደግሞ ጸጥ ያለ፣ ቱሪስት የማይተራመስበት። «ከዓመታት በፊት ሂማሊያ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ቀጭን መንገድ ሄጄ ነበር፣ እናንተ ጋ እንደዚያ ያለ ይኖር ይሆን?» አለችኝ።

«አለ» ብዬ መለስኩላት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከአፌ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያልኩትን እውነት ለማድረግ ስባዝን እከርማለሁ። ያኔ በአስጎብኚነት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለውን መንገድ ዓይኔን ብትሸፍኑኝም አልስተውም። ግን እሱ የሁሉም መንገድ ነው። እኔ የራሴ የምለው፣ ሌላው አስጎብኚ «እስቲ አሳየን» ብሎ የሚለምነኝ መንገድ ነበር የምፈልገው።

ስለዚህ ወደ ተወለድኩበት አገር አሰብኩ። ከፓርኩ ክልል ውጭ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከደባርቅ ተነሥተን የገደሉን አፋፍ ይዘን እስከ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ። በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱን ወርደን፣ በገደሉ ወገብ ላይ ካለው ሜዳ፣ እህቴ ከምትኖርበት ደብር ማደር። በሦስተኛው ቀን እስከ ድብ ባሕር መውረድ፤ እዚያ መኪና ጠብቆን ሊማሊሞን አስወጥቶ ደባርቅ ይመልሰናል። ለጉልበቷ ብዬ ቁልቁለቱን በሁለት ቀን ከፈልኩት። ውሃ የት እንዳለ፣ ጥላ የት እንዳለ፣ የት ተቀምጣ እንደምታርፍ፣ ሁሉን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ድንኳን፣ የሚነፋ ፍራሽ፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛና ትኩስ እራት ቃል ገባሁላት። አንዲት የጭነት በቅሎ ትበቃናለች።

የእህቴን ነገር ልንገራችሁ፤ የዚህ ሁሉ ዕዳ የወደቀው በእሷ ላይ ነውና። በዐሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዳባት ሁለተኛ ደረጃ ስገባ በየሁለት ሳምንቱ ስንቄን በጀርባዋ ተሸክማ አፋፉን እየወጣች ታደርስልኝ ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ሩቅ አገር ተድረዋል። በቤቷ ወንድ የለም። ያላት አንዲት የገብስ ማሳ ናት፤ የምታሳርሳትም የምታሳጭዳትም በደቦ ነው። እሷ ጠላ ትጠምቃለች፣ ሰው ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ በአንድ ቀን ታጭዶ ይከመርላታል። ደቦ ከቀረባት ገብሱ እዚያው እንደቆመ ይረግፋል።

ደብሩ ደግሞ ግዝት አለበት። እኔ ዳባት ተማሪ ሳለሁ በአንዱ ጥቅምት በረዶ ወርዶ አዝመራውን ከአፈር ደባለቀው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ከካህናቱ ጋር ሆኖ ተገዘተ። በጥቅምት መድኃኔዓለም፣ ታቦቱ በሚነግሥበት ዕለት፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ የተጫነ የጋማ ከብት የወሰኑን ጅረት ተሻግሮ አይገባም። ማጨድ የለም፣ መፍጨት የለም፣ መጫን የለም። ይህን የሻረ ቤት በዚያ ዓመት ደቦ አይወጣለትም። ሌላ ቅጣት የለውም፤ ሰላምታ አይነሡትም፣ ከለቅሶም አይለዩትም። ደቦ ብቻ ነው የሚቀርበት። ወንድ ልጆች ላሉት ቤት ይህ ቀላል ነው። ለእህቴ ግን የዓመት እንጀራዋ ነው።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስለማውቅም ነው ቀኑን መርጬ ያቀድኩት። ፈረንጇ የምትመጣበትን ቀን የጻፈችልኝ በራሳቸው አቆጣጠር ነበር፤ እኔ ደግሞ የእነሱን ቀን ወደ እኛ የምመልስባት አንዲት ሒሳብ በጭንቅላቴ አለችኝ። በእሷ ስቆጥር ደብሩ የምንገባው ጥቅምት ሐያ ስምንት ሆነ፤ የመድኃኔዓለም ማግስት። ደስ አለኝ። ጠላው ገና አላለቀም፣ ሰውም ከበዓሉ አልበረደም፣ እንግዳዬ በጥሩ ቀን ትገባለች አልኩ። ለእህቴ የምንገባበትን የሳምንቱን ዕለት ብቻ ጠቅሼ መልእክት ላክሁባት። «ሰው ይምጣ እንጂ ምን ገዶኝ» አለች አሉ።

እንግዳዬ ደባርቅ በገባችበት ምሽት ከባለበቅሎው ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ጭነቱን እንከፋፍላለን። ባለበቅሎው የዳባት ሰው ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቃላቸውን ጨርሰው ካልዘጉ የማይተነፍሱ ዓይነት። ደብተሬን ዘርግቼ ላስረዳቸው ስጀምር ሻያቸውን አስቀመጡ።

«ደብሩ የምንገባው ከነገ ወዲያ ነው አልከኝ?» አሉ።

«አዎ፣ በመድኃኔዓለም ማግስት።»

«ከነገ ወዲያማ መድኃኔዓለም ነው፣ ልጄ። ዛሬ ሐያ አምስት ነው።»

«ሐያ ስድስት ነው» አልኳቸው።

አልተከራከሩኝም። ወደ ሻይ ቤቱ ባለቤት ዞር ብለው ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቋት፤ እሷም ሐያ አምስት አለች።  ሰው እንዴት የዕለቱን ቀን ይስታል ትሉኝ ይሆናል። ያን ወር ሙሉ እኔ የኖርኩት በፈረንጆች ቀን ነው፤ ከአንዱ ቡድን ጋር ወርጄ ከሌላው ጋር እወጣለሁ፣ ደብተሬም ስልኬም በእነሱ ነው። ያችም ሒሳቤ ትክክል ነበረች፤ የምትዛነፈው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ብቻ ነው። ያ ዓመት ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ የገባበት ነበር። ጳጉሜ ስድስት መሆኗን አውቃለሁ፤ ስድስተኛዋን ቀን ጠበል ተጠምቄባታለሁ። ከሒሳቤ ጋር ግን አላገናኘኋትም።

«እንግዲህ ምን ችግር አለው» አሉ ባለበቅሎው። «ትምህርት ቤቱ ሜዳ አንድ ቀን እንዋል። ለሴትዮዋ ንገራት። ሰው ናት፣ ትሰማለች።»

«የተያዘ ቀን ነው፣ አባቴ። አውሮፕላን ይጠብቃታል።»

«ጠይቀሃታል?»

አልጠየቅኳትም። ከጎንደር የምትበርበትን ቀን አውቃለሁ፤ በመካከሉ የተረፈ ቀን ይኑራት አይኑራት አላውቅም። ከሰዓታት በፊት ሆቴሏ በር ላይ «አያስቡ፣ አንድም ነገር ሳላየው አላለፍኩም» ብያት ነው የመጣሁት። አሁን ተመልሼ፣ ቀን መቁጠር ተሳስቻለሁ ልበላት?

«እንግዲያው ጭነቱን እላይ እንተወው» አሉ። «በእግሯ ትውረድ፣ ሰው መግባት አልተከለከለም። እህትህ ቤት ትደር። እህትህ መደብ የላትም?»

«ፈረንጅ በአጎዛ ላይ ላስተኛ? ቁንጫ ይበላታል። ፍራሽ ብያለሁ፣ ጠረጴዛ ብያለሁ።»

ሻያቸውን መልሰው አነሡ። ከዚያ፣ «እኔ በመድኃኔዓለም ቀን ኮርቻ አልነካም፣ ልጄ» አሉ። «በቅሎዋ ያንተ ናት፣ ተከራይተሃታል። ኃጢአቱንም አብረህ ተከራየው።» ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ።

የመጀመሪያው ቀን ያቀድኩት ሁሉ ሰመረ። ፀሐይ ነበረች፣ ነፋስ አልነበረም። እንግዳዬ ባለበቅሎው በቆረጡላት ዱላ ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ ደስ ሲላት ትቆማለች። በየመንገዱ ያገኘነው ሰው ቁጥር ከዐሥር አይበልጥም። «ይህን ነው የፈለግኩት» ትለኛለች። እኔ ግን በየዳገቱ ስለ ነገ አስባለሁ። ደግሞም እቆጣለሁ፤ በማን እንደምቆጣ እንኳ አላውቅም። በሃምሳ ኪሎ ጭነት በረዶ ይወርዳል ብሎ የሚያምን ሕዝብ መንገዴን ይዝጋብኝ? ደመና ከየት እንደሚመጣ ለስንት ቱሪስት አስረድቻለሁ። ምሽት ላይ ስለ ነገው ስትጠይቀኝ፣ «እኔ ቀደም ብዬ ወርጄ ሰፈሩን አዘጋጃለሁ፤ እርስዎ ቁርስዎን በልተው ከእሳቸው ጋር ቀስ ብለው ይመጣሉ» አልኳት።

ጎህ ሲቀድ በቅሎዋን ራሴ ጫንኩ። ባለበቅሎው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጸሎት ያደርሳሉ። መጫኛውን ጣቴን እስኪከረክረኝ ድረስ አጠበቅኩት።

ያሰብኩት ቀላል ነበር። እስኪመሽ ከጅረቱ ማዶ ብተወው ጠባቂ የሌለውን ጭነት ዝንጀሮ ይበትነዋል፣ እኔም ከእንግዳዬ ጋር መዋል አለብኝ። በንግሥ ዕለት ደብሩ ውስጥ ቤት የሚቀር ሰው የለም። ሌሊቱን ማኅሌት ነው፣ ሲነጋ ቅዳሴ ነው፣ ከዚያ ታቦቱ ይወጣል። እኔ በዚያ መካከል ገብቼ፣ ጭነቱን ከእህቴ በረት አስቀምጬ፣ በቅሎዋን መልሼ ከጅረቱ ማዶ አስራለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ አሁን እንደመጣ አድርጌ አወጣዋለሁ። ማን ያያል?

ጅረቱ ጋ ስደርስ የከበሮው ድምፅ ከታች ይሰማል። በቅሎዋ አንገቷን ደፍታ ጠጣች። ቃጭሏ ቃ ቃ አለ። ፈትቼው ሣር ጎሰጎስኩበትና ኪሴ ከተትኩት። እዚያ ቆሜ ትንሽ አመነታሁ። መመለስ ይቻል ነበር፤ እስከ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ቆም ብዬ ያላሰብኩትን ነገር ቆሜ ልፈታው አልቻልኩም። ልጓሙን ሳብኩ።

አንድም ሰው አላገኘሁም። የእህቴ ውሻ እንኳ አወቀኝና ጭራውን ቆላ። ጭነቱን በረቱ ጥግ አራግፌ፣ በቅሎዋን ወደ ማዶ መልሼ አሰርኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቄ መጣ። ይኼ ነው እንግዲህ፣ አልኩ ለራሴ።

ከዚያ ልብሴን አራግፌ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እህቴ ከሴቶቹ መካከል አየችኝ፤ ፊቷ በራ። አቅፋ ሳመችኝ።

«እንግዳህስ?»

«ከኋላ ናት፣ በእግሯ ትመጣለች።»

«ጭነታችሁስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ጭንቀቷ ከድምፅዋ ይሰማል።

«ከጅረቱ ማዶ ነው፣ እታለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል።»

«ተባረክ» አለችኝ። «ፈርቼ ነበር፤ የምትገቡበት ዕለት በበዓሉ ላይ መዋሉን ልብ ያልኩት ትናንት ነው።»

እንግዳዬ ከባለበቅሎው ጋር እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ታቦቱ ሲዞር አየች፤ ሴቶቹ ከመካከላቸው አስቀመጧት፣ ዳቦ አስያዟት። ጉልበቷንም ረሳችው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ታቦቱ ገብቶ ሰው ጠላውን እንደያዘ፣ ከአፋፉ ላይ ጥቁር ደመና ወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ቀና አለ። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ነበር። ቀጥሎ ሽምብራ የሚያህል በረዶ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ መታው፤ ቀጥሎ ከዚያ የባሰ። ወንዶቹ እየወጡ ማሳቸውን ያያሉ፣ ሴቶቹ እግዚኦ ይላሉ። ባለበቅሎው ዞረው እንኳ አላዩኝም። ቆይታው ረጅም አልነበረም፤ ሲያባራ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ገብስ በሙሉ ተኝቷል።

የእህቴ ማሳ ከታች በኩል ነው። በረዶው እሷ ጋ አልደረሰም። ሰው ሁሉ ያን የቆመ ገብስ አየው።

ቤት ስንደርስ እህቴ ቀድማን ገብታለች። በረቱ በር ላይ ቆማለች። ጭነቱን አይታዋለች።  ጭድ በሰፌድ እያፈሰች ላዩ ላይ በተነችበት፣ እስኪሸፈን ድረስ። ከዚያ እጇን ታጥባ ለእንግዳዋ እራት አቀረበች።

ፀሐይ ጠለቀች። እኔ ግን በዚያ ቀን ጭነት ይዤ ከበረት ብወጣ ማን ያምነኛል? ድንኳኑ አልተተከለም፣ ፍራሹ አልተነፋም፣ ጠረጴዛው አልተዘረጋም። እንግዳዬ በእህቴ መደብ ላይ፣ በአጎዛ፣ የእህቴን ጋቢ ለብሳ ተኛች። ጠዋት ስትነሣ እንደ ሕፃን ተኛሁ አለችኝ።

በማግስቱ ደብሩ አውጫጭኝ ጠራ። ክፉ ነገር ሲደርስና ያደረሰው ሳይታወቅ ሲቀር ሕዝቡ ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ በየተራ ይጠየቃል፤ ያየ ያየውን፣ የሠራ የሠራውን ይናገራል። እስኪያልቅ ድረስ ማንም ከደብሩ አይወጣም። ከሾላው ሥር ተቀመጥን። የደብሩ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ አንድ ሽማግሌ ይጠይቃሉ። ከጅረቱ ዳር የበቅሎ ፋንድያ ተገኝቷል፤ ግን በቅሎዋ ማዶ ታስራ ስላደረች ያ ምንም አያስረዳም።

የየቤቱ ባለቤት እየተነሣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልሠራሁም» ይላል። አህያ ያለው አንድ ጎረቤት ተራው ሲደርስ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ምስኪኑ ሰውዬ ላቡ ወረደ፣ በልጆቹ ምሎ ተቀመጠ። እኔ እንግዳዬ አጠገብ መሬት መሬት አያለሁ። ብናገር እህቴ ደቦ ይቀርባታል፤ ጭነቱ በእሷ በረት ነው ያለው። ለእሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት እል ነበር፣ ለብዙ ጊዜ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እውነቱን ለመናገር ግን ፍርሃት ነው። ተምሮ ከተማ የገባው ልጅ፣ እንግሊዝኛ የሚናገረው፣ በዚያ ሕዝብ ፊት ቆሞ ግዝት ሻርኩ ማለት አቃተው። መንገዴም ነበረች። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ማን ያሳልፈኛል?

«ልጄ» አሉኝ ባለበቅሎው ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «ተነሥ።»

አልተነሣሁም። የእህቴ ተራ ደረሰ።

ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «ጭነት ገብቷል» አለች። «የገባው በእኔ ደጅ ነው። ያስገባው ሰው ስም ከእኔ አፍ አይወጣም። ፍርዱ በእኔ ላይ ይሁን።»

 ሽማግሌው ወዲያው አልፈረዱም። ዱላቸውን ተደግፈው በተቀመጥንበት ዙሪያ ዓይናቸውን አዞሩና «ሌላ የሚናገር አለ?» አሉ። ቆዩ። «ሌላ የሚናገር አለ?» አሉ ደግመው። እህቴ እንደቆመች ነው፤ ወደ እኔ አላየችም። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። ጉልበቴ ላይ ያለውን እጄን እመለከት ነበር፤ ጣቴ ላይ የመጫኛው ሰንበር አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ቢገባኝም አፌ አልተከፈተም። ሽማግሌው ፈረዱ።

ከፍርዱ በኋላ ጭነቱን ከጭዱ ሥር አውጥተን ድብ ባሕር ወረድን። መኪናው ጋ ስንደርስ እንግዳዬ፣ «ያ ስብሰባ ምን ነበር? እህትህ ለምን ቆመች?» አለችኝ። ነገርኳት። ለማን እንደምናገር ጨንቆኝ ነበርና ሁሉን ነገርኳት፤ ስለ ቀኑ ሒሳብም፣ ስለ ቃጭሉም።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ሂማሊያ ውስጥ በዚያች ቀጭን መንገድ ላይ ሳሉ አንድ መንደር የራሱ በዓል ስለነበረው መሪያቸው ከመንደሩ ውጭ አንድ ቀን ሙሉ እንዳስቀመጣቸው አጫወተችኝ። ዛፍ ሥር ሆነው ሲያወሩ ዋሉ፤ ከጉዞው ሁሉ የምታስታውሰው ያን ቀን ነው። «ጎንደር ላይ ሥራ የሌለኝ አንድ ቀን ነበረኝ» አለች። «ብትነግረኝ ኖሮ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እውል ነበር። ለምን አልነገርከኝም?» 

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ማጭድ ገዝቼ ወረድኩ። ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነበር፤ የያዝኳቸውን ሁለት ቡድኖች ለሌላ አስጎብኚ ሰጥቼ ነው የሄድኩት። እህቴ ብቻዋን ጀምራዋለች። በግራና በቀኝ ማሳ የተረፈውን የሚያጭድ ሰው አለ፤ ከሩቅ «እንዴት ዋላችሁ» ይሉናል፣ እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው። አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ብለው ክፉ አላዩንም፤ እኔ ግን ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። እጄ በአንድ ቀን ተላጠ። ገብሱ ደርቆ ስለነበር ማጭድ ሲነካው ፍሬው ይረግፋል። በቀን የምናጭደው ከሚረግፈው አይበልጥም። እህቴ እየረገፈ ስታይ ትንሽ ቆም ትላለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች።

በአምስተኛው ቀን ፈነዳሁ።

«እታለም፣ በረዶ የሚመጣው ከቀዝቃዛ አየር ነው» አልኳት። «እኔ ተምሬዋለሁ። በቅሎ ምን አገባት? ደግሞ ያንቺን ማሳ ለምን አልመታውም፣ ጥፋቱ በደጅሽ ከገባ? ይህን አንድ ሰው አያስብም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። በጎረቤት ማሳ ያሉት ቀና ብለው አዩን።

እህቴ የያዘችውን ጭብጥ አጭዳ አስቀመጠች። ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«በረዶውን ማን አመጣው አልኩህ?» አለችኝ። ቁጣ የለበትም ድምፅዋ፣ የደከመ ነው። «በረዶ የእግዜር ነው። እኔ ጠይቄህ አላውቅም። ግዝቱ ሲጣል አንተ ዳባት ስለነበርክ ይህን አታውቀው ይሆናል። የሻረ ሰው በገዛ አፉ ከተናገረ ጧፍና ዕጣን አግብቶ ይማራል፤ ደቦም አይቀርም። ሁሉም ያውቅ ነበር እኮ፣ በዚህ አገር ያንተ በቅሎ ብቻ ናት የነበረችው። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ የጠየቁት ላንተ ብለው ነው። እኔም የቆምኩት ትነሣለህ ብዬ ነው።»

ጎንበስ ብላ ማጨዷን ቀጠለች። ያኔ አለቀስኩ፤ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ማጭዴን ይዤ፣ ገብሱ መካከል። እሷ አላባበለችኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ጧፍና ዕጣን ይዤ ቆምኩ። ጭነቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ አልኩ። ቃጭሉን እንዴት እንደጎሰጎስኩት ሳይቀር ተናገርኩ፤ ከኪሴ አውጥቼም አሳየኋቸው። ሣሩ እስከዚያን ቀን ውስጡ ነበር። አህያ ያለውን ጎረቤታችንን ስሙን ጠርቼ ይቅርታ ለመንኩት። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ «ጧፉን ለአገልጋዩ ስጥ» አሉኝ። 

ሰኞ ጠዋት ወደ እህቴ ማሳ ስንወርድ ሰው ሞልቶበታል። በረዶ የመታባቸውም ጭምር ማጭዳቸውን ይዘው መጥተዋል። ከገብሱ የቀረው ግን አንዲት ጠባብ ጥግ ብቻ ነበረች፤ ለዐሥር ሰው እንኳ አትበቃም፣ እነሱ ከሠላሳ ይበልጣሉ። ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ገቡበት፣ እያዜሙ። እህቴ ያልጠመቀችውን ጠላ እያሰበች «ምን አጠጣቸዋለሁ» ትላለች፣ ከዚያም ትስቃለች። እኔ ከመካከላቸው የምገባበት ቦታ አጣሁና ዳር ሆኜ ነዶ ተሸከምኩ።